አንድ መቶ ማይክሮሊትር

ብልቃጧ መጣች።
ጉምሩክ ግቢ ከርማ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ፣
በረዶዋን ሁሉ ወረቀቶች በሉ።
ካውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም አትበልጥም፣
ዋጋዋን ኔሊዳ ለማንም አትገልጥም፤
"አንድ መቶ ማይክሮሊትር" ትላለች፣ "ከዚያ ወዲያ የለም፤
እጅህ ከተንቀጠቀጠ
የምታፈሰው የሰው ደመወዝ ነው እንጂ ውሃ አይደለም።"

የሆነ አገር፣ የሆነ ጋጥ፣ አንዲት ጥንቸል ነበረች፤
ስም አልወጣላትም፤ ሁለት መቶ ዘጠኝ ተባለች።
ከቆዳዋ ሥር ወጉባት የፕሮቲን ቅንጣት፣
ደሟ "ባዳ ገባ" ብሎ ተነሣ በዚያች ሌሊት፤
ከሺህ ፊት አንዱን ፊት ለይቶ፣
ያንኑ ብቻ የሚያስር ገመድ ፈትሎ፣ ሠርቶ፣
"እሺ፣ ያዝኩት" አለ።
ጥንቸሏ ዛሬ የለችም። ገመዷ ግን አለ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ
ማቴዋን በብረት ቀሰም እየሳበች ነበር ያስረዳችኝ፦
"ካይኔዝ ማለት አሽከር ነው፣
ደጅ የተነገረውን ወደ እልፍኝ የሚያደርስ።
በሕዋሱ በር ላይ አንዱ 'እደግ!' ሲል
እሱ ነው ሮጦ የሚያወራ።
ፎስፌት ካልተለጠፈበት ግን ተኝቷል፤
ይህቺ ብልቃጥ ተኝቶ ካገኘችው
ባጠገቡ ታልፋለች፣ ዘወር ብላም አታየው፤
ነቅቶ ካገኘችው ነው እቅፍ የምታደርገው።"
ከዚያ ሳቀች። "ባሌ ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖረ፣
አንድ ቀን እንኳ መንቃቴን ሳያውቅ ቀረ።"

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ።
ጥር ነው፤ ሮሳርዮ ከተማ በሙቀት ትቀቀላለች፤
ፍሪዘሩ ላብ አወጣ፤
ጄኔሬተሩ አንዴ አስሎ ዝም አለ፣ ናፍጣ አጣ።
ኔሊዳ አልጮኸችም።
የማቴ ፔርሙዟን ደፋች፣
ብልቃጧን በጓንት ጠቅልላ ከውስጡ ከተተች፣
ፓራና ወንዝን ተከትላ፣ በጨለማ፣
ወደ ኤቫሪስቶ ዓሣ ቤት ሮጠች።
ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አልደረስኩባትም።
ለዓሣ ነጋዴ ግን ናፍጣ አያልቅበትም፦
ሱሩቢው ጢሙን ዘርግቶ በተጋደመበት በረዶ
ጉድጓድ ማሰችና ቀበረቻት፣
እጇ እስኪቀላ ድረስ።
ኤቫሪስቶ ቢላዋውን ይዞ፣ "ምንድን ናት፣ መድኃኒት?"
"አይደለችም" አለችው። "ጥያቄ ናት።"

ሰኞ። ጨለማ ክፍል። ቀይ አምፖል።
ከሱቅ የገዛነው የወተት ዱቄት ሽታ፣
አሮጌ የራጅ ፊልም፣
የምትንጠባጠብ ቧንቧ።
ፊልሙ ፈሳሹ ውስጥ ሲዋኝ ትንፋሼን ዋጥኩ፤
ሁለት ሰረዝ ወጣ፣ ጥንድ፣ ጥቁር፣ እንደ ቅንድብ ቀጭን፤
አርባ አራትና አርባ ሁለት።
አልሞተችም! አላሳፈረችን!

ሰረዙ ግን ወጥቶ ነበር እዚያም፣ በመጨረሻው ዳር፣
ከቻኮ ጫካ ያመጣሁትን ቅርፊት
ጨምቄ ባጠጣሁት የሕዋስ መንደር።
ሦስት ዓመት "ይተኛል" ብዬ የጻፍኩለት አሽከር
ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ።
ከዓሣ መሐል፣ በሩጫ፣ ከሞት ያተረፍናት
የኔኑ ወሬ አፈረሰች፤ ማንም ሳያዛት።

ኔሊዳ ትከሻዬን አልነካችም። "አይዞህ"ም አላለች።
ያገለገለውን ፈሳሽ ጠብታ ሳታባክን
ወደ ቱቦው መለሰች፣
ክዳኑ ላይ ቀኑን ጻፈች፣ ከሥሩም "አራተኛ" አለች።
"እስከ ሰባት ትሠራለች።
ነገ ሌላ ነገር ጠይቃት።"
መብራቱን አበራች፤
እኔ ገና ፊልሙን እንደያዝኩ ነበርኩ፣
ጣቴ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ።